አጥሮ የተገኘ ጉጥ፦ የአንድ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ የፊት ማነጣጠሪያ እንዴት እንደተስተካከለ

መነሻው

ቸርችል ጎዳና አካባቢ ገባ ብሎ ትንሽ ቶርኖ ቤት አለኝ። ዶሮ ማነቂያ የነበረው በ2016 ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጣሁት። ወጣት እያለሁ ሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። ዘመድ አዝማዱ ይህን ስለሚያውቅ ብረት ነክ ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል።

ይህኛው ጥያቄ የመጣው ከኮሎራዶ፣ ከእህቴ ልጅ ነው። እዚያ በሕጋዊ መንገድ የገዛው አንድ ሽጉጥ አለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ሄዶ ወረቀት ኢላማ ይመታበታል። ሽጉጡ ግን ካነጣጠረበት በላይ ይመታል። ለማስተካከል ሞከረ፤ ባሰበት። ከዚያ ደወለልኝ።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሽጉጡን በእጄ ነክቼው አላውቅም። የእኔ ድርሻ በቴሌግራም በመጣ ፎቶ፣ በስልክ ወሬና ቶርኖ ቤቴ ውስጥ በሠራሁት አንድ ማሳያ የተወሰነ ነው። ብረቱን የነካው እዚያው አገር ፈቃድ ያለው ጠጋኝ ነው፤ የመጨረሻውን ሙረዳ ደግሞ ልጁ ራሱ ሠራው። እዚህ አዲስ አበባ ማንም ሰው ሽጉጥ ይዞ ቢመጣብኝ በሩን ነው የማሳየው። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ቀልድ አይደለም፤ የመሣሪያ ሥራም ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው።

ታዲያ ለምን ጻፍኩት? ስህተቱ የሽጉጥ ስህተት ብቻ ስላልሆነ ነው። ሳይለካ የሚሞርድ ሰው በየቀኑ አያለሁ፤ አብዛኛው ጥፋቱን የሚያውቀው ብረቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ሽጉጡ ምን ዓይነት ነው?

ስድስት ጎራሽ ነው፣ የድሮው ዓይነት። ቃታውን መሳብ ብቻ አያስተኩሰውም። ለእያንዳንዱ ጥይት መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስቦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ነው ቃታው የሚሠራው። ንድፉ የመጣው የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 ከተቀበለው የኮልት ሽጉጥ ነው፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘውድ በጫኑ በዓመቱ መሆኑ ነው። የልጁ ሽጉጥ የዚያ ዘመን ቅጂ ነው፣ አዲስ ሥራ። 45 ኮልት የሚባለውን ጥይት ይጎርሳል፤ አፈሙዙ 5 ኢንች ተኩል፣ ማለትም 14 ሳንቲም ገደማ ነው።

ማነጣጠሪያው በጣም ቀላል ነው። ከኋላ፣ በሽጉጡ አናት ላይ የተቆፈረች ቦይ አለች። ከፊት፣ አፈሙዙ ጫፍ አካባቢ፣ ቀጥ ብላ የቆመች ስስ ብረት አለች፤ እኔ ከዚህ በኋላ ጉጥ እላታለሁ። ተኳሹ ጉጧን በቦይዋ መሀል አድርጎ፣ አናቷን ከቦይዋ አፍ ጋር አስተካክሎ ይተኩሳል። የሚዞር ቡሎን የለም። ክላሽን የሚያውቅ ሰው የፊቱን ጉጥ በመፍቻ እያዞሩ ከፍና ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል ያውቃል፤ ተሳሳትክ እንበል፣ መልሰህ ታዞራለህ። እዚህ ግን መቀነስ የሚቻለው በሞረድ ነው፤ ለመጨመር ደግሞ ወይ ብየዳ ነው ወይ አዲስ ጉጥ። ጉዳዩ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚች ልዩነት ላይ ነው።

ችግሩ እንዴት ተባባሰ

ልጁ ሽጉጡን የገዛው ሁለተኛ እጅ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ጉጧን ትንሽ ሞርዷት እንደነበር በኋላ ከፎቶው አየሁት፤ አናቷ ላይ የሞረድ ጭረት ነበር፣ ቀለሟም ለቅቋል። እዚያው ጥይቱ 25 ያርድ ላይ 12 ወይም 13 ሳንቲም ከፍ ብሎ ይመታ ነበር። 25 ያርድ 22.86 ሜትር ነው።

ተኩስ ሜዳ የተዋወቀው ሰው «ጉጡን ሞርደው፣ ይስተካከላል» አለው። ሰውየው የዋሸው ነገር የለም። የእሱ ሽጉጥ አዲስ እያለ ዝቅ ብሎ ይመታ ነበር፤ ሲሞርደው ተስተካከለለት። ብዙ እንዲህ ዓይነት ሽጉጦች ሆን ተብሎ ጉጣቸው ረዘም ተደርጎ ነው የሚወጡት፤ ባለቤቱ ለራሱ ጥይትና ለራሱ አያያዝ እየሞረደ እንዲያደርሰው። ምክሩ ትክክል ነበር፣ ለሌላ ሽጉጥ።

ልጁ 0.4 ሚሊሜትር ሞረደ። ጥይቱ 18 ሳንቲም ላይ ወጣ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ብጨምርበት ይወርድ ይሆን?» አለኝ በመጀመሪያው ስልክ። «ሞረዱን አስቀምጥና አነጋግረኝ» አልኩት። እዚያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ እዚህ ማታ 1 ሰዓት ሆኗል፤ መብራት ጠፍቶብኝ ቶርኖው ቆሟል። ስለዚህ ጊዜ ነበረኝ።

አቅጣጫውን መረዳት

መጀመሪያ በቃል ላስረዳው ሞከርኩ። የኋላ ማነጣጠሪያ ጥይትህን ወደምትፈልግበት ትከተልሃለች፣ የፊቷ ግን ትሸሽሃለች። ጥይቱ እንዲወርድ ከፈለግክ የፊቷ ከፍ ትላለች፤ እንዲወጣ ከፈለግክ የፊቷ ታጥራለች። «እሺ» አለ፣ ግን ድምፁ ላይ አልገባውም ነበር። እኔም በእሱ ዕድሜ በቃል ቢነግሩኝ አይገባኝም ነበር።

በማግስቱ 25 ሳንቲም የሚሆን ቱቦላሬ ቆርጬ ሞርሳ ላይ አሰርኩ። ከኋላው ጫፍ በብረት መጋዝ ትንሽ ቦይ አወጣሁ። ከቦይዋ 168 ሚሊሜትር ርቄ አንዲት ስስ ላሜራ በማግኔት አቆምኩ፤ 168 የመረጥኩት ልጁ በሽጉጡ ላይ ከቦይ እስከ ጉጥ የለካው ይህን ያህል ስለሆነ ነው። ከሞርሳው እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ 6 ሜትር ነው። ረዳቴ ጠመኔ ይዞ ግድግዳው ጋ ቆመ። እኔ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ እያየሁ «ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች፣ እዚያ ላይ» እያልኩት መስመር አሰመርኩት።

ከዚያ ከላሜራዋ ሥር 1 ሚሊሜትር የምትወፍር ሌላ ላሜራ አስገባሁ፤ ጉጧ 1 ሚሊሜትር ረዘመች ማለት ነው። ቱቦላሬው ንቅንቅ አላለም። እንደገና አየሁ። ረዳቴ ጠመኔውን ይዞ ወደ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ አዲሱ መስመር ከድሮው 3 ሳንቲም ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ተሰመረ። «ይቺ ወረቀት የምታህል ብረት ናት እንዴ ይህን ያህል ያስኬደችው?» ብሎ ዞሮ አየኝ።

አሁን ዓይኔን ወደ ታችኛው መስመር ልመልስ ብል ያለኝ አማራጭ አንድ ነው፤ የቱቦላሬውን አፍንጫ ዝቅ ማድረግ። አፍንጫው ዝቅ ሲል ጥይቱም አብሮ ዝቅ ይላል። ጉጥ ሲረዝም ጥይት የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን በስልክ ቀርጬ ላክሁለት። የመለሰው የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት አብዛኛው ዝምታ ነበር፤ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ እኔ 0.4 ወደ ተሳሳተው በኩል ሄጃለሁ» አለ። አዎ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው አለፍን።

ሒሳቡ

ሒሳቡ የሦስት ማዕዘን ነው፣ ስምንተኛ ክፍል የተማርነው። ጥይቱ የሳተበትን ርዝመት በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ባለው ርቀት ታባዛለህ፤ እስከ ኢላማው ባለው ርቀት ታካፍላለህ። የሚመጣው ቁጥር ጉጧ ላይ የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው ነው።

በዚህ ሽጉጥ 22,860 ለ168 ሲካፈል 136 ይመጣል። ጉጧ ላይ ያለች 1 ሚሊሜትር ወረቀቱ ላይ 13.6 ሳንቲም ትሆናለች። 0.1 ሚሊሜትር ደግሞ 1.36 ሳንቲም። ልጁ የሞረደው 0.4 ሚሊሜትር ጥይቱን 5 ሳንቲም ተኩል ያህል ማስወጣት ነበረበት፤ ከ12 ወይም 13 ወደ 18 የወጣውም በዚሁ ልክ ነው። ይህ ሲገጥም ደስ አለኝ። ቢያንስ ርቀቱን በትክክል ለክቷል።

ቁጥሩን ከማመን በፊት ያጣራናቸው ነገሮች

18 ሳንቲሙን ይዘን ወደ ጠጋኝ ብንሄድ ኖሮ እንሳሳት ነበር።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ጉጧን የት ላይ አድርጎ እንደሚያነጣጥር ነው። አንዳንዱ በጥቁሩ ክብ መሀል ያደርጋታል፣ አንዳንዱ ከክቡ ግርጌ። ከግርጌ እያነጣጠሩ ስህተቱን ከመሀል መለካት የተለመደ ጥፋት ነው። እሱ መሀል ላይ ነበር፣ ደህና።

ሁለተኛ፣ ሲተኩስ የሚያሳይ ፎቶ ላክልኝ አልኩት። አፈሙዙን እንጨት ላይ አስደግፎት አየሁ። ጠንካራ ነገር ላይ የተደገፈ አፈሙዝ ሲተኮስ ይነጥራል፤ ጥይቱም አብሮ ከፍ ይላል። አፈሙዙን ትተህ እጅህን የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፍ አልኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስህተቱ 15 ሳንቲም ሆኖ መጣ። ሦስቱ ሳንቲም የእንጨቱ ነበር።

ሦስተኛው ጥይቱ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ነው የሚያስበው። ከበድ ያለ አረር በቅርብ ርቀት ዝቅ ብሎ የሚመታ ይመስላል፣ ከባድ ነውና። በሽጉጥ ግን ከፍ ብሎ ነው የሚመታው። ባሩዱ ሲነድ ሽጉጡ ወደ ኋላ መግፋትና አፍንጫውን ማንሳት የሚጀምረው አረሩ ገና አፈሙዝ ውስጥ እያለ ነው። ከባዱ አረር ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ግፊቱም ይበረታል፤ ስለዚህ ሲወጣ አፍንጫው ይበልጥ ተነስቶ ያገኘዋል። የዚህ ዓይነት ሽጉጥ እጀታ ደግሞ ጎበጥ ያለ ስለሆነ መዳፍ ውስጥ ይዞራል። ጉጧ ከመጀመሪያው ረጅም የምትሆነውም ለዚህ ነው፤ ተኳሹ ሲያነጣጥር አፈሙዙ በእውነቱ ትንሽ ወደ ታች እያየ እንዲጀምር።

ልጁ የሚጠቀመው አረር 250 ግሬን ነው፤ 16.2 ግራም። 200 ግሬኑን ሞክር አልኩት፤ 13 ግራም ገደማ ነው። ስህተቱ ከ15 ወደ 9 ሳንቲም ወረደ። ጥሩ ነው፣ ግን አልበቃም። በዚያ ላይ እሱ የሚወደው 250ውን ነው፤ የድሮው ሽጉጥ የተሠራለት ክብደትም ወደዚያው የቀረበ ነው። «የቱን ነው ዓመቱን ሙሉ የምትተኩሰው? እሱን ምረጥና አትቀያይር» አልኩት። 250 አለ።

አራተኛ፣ ጉጧ ታበራ ነበር። ሲሞርዳት የተላጠው ብረት በኮሎራዶ ፀሐይ ስለሚያንጸባርቅ አናቷ የት እንደሚያልቅ በደንብ አይታይም። የሻማ ጥላሸት ቀባት። የጥይቶቹ መራራቅ ወዲያው ጠበበ። እናቶቻችን ጓዳ ውስጥ ከኩራዝ የሚጠርጉት ጥላሸት እዚያ ማዶ ለዚህ ሲጠቅም ማየት ለእኔ ደስ የሚል ነገር ነበር።

ይህ ሁሉ አልቆ የቀረው ስህተት 15 ሳንቲም፣ የሚያስፈልገው ጭማሪ 1.1 ሚሊሜትር።

ጊዜያዊው ሙከራ

ማንም ሰው ችቦ ከመለኮሱ በፊት ቁጥሩን በርካሽ መፈተን ፈለግኩ። አንዲት ስስ ነገር ጉጧ አናት ላይ ለጥፎ መተኮስ። ምን ይለጠፍ? ውፍረቱ የታወቀ መሆን አለበት። የባንክ ካርድ ውፍረት በዓለም ላይ አንድ ነው፤ 0.76 ሚሊሜትር። ልጁ ጊዜው ያለፈበትን ካርዱን በስሱ ቆርጦ በፈጣን ማጣበቂያ ለጠፈው።

በሒሳቡ መሠረት 0.76 ጥይቱን 10.3 ሳንቲም ማውረድ አለበት። ከ15 ሲቀነስ 4.7 ይቀራል። ቅዳሜ ማታ የመጣው ፎቶ ላይ አምስት ቀዳዳ አለ፣ ጎናቸው ማስመሪያ ተቀምጧል። መሀላቸው ከነጥቡ 5 ሳንቲም በላይ ነው።

ቶርኖ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ፎቶውን ሦስት ጊዜ አጉልቼ አየሁት። አሥራ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ብረት አዲስ አበባ ላይ በእርሳስ የጻፍኩትን ሲታዘዝ ማየት ቀላል ስሜት አይደለም።

ካርዱ በዘጠነኛው ጥይት ላይ ተፈንጥሮ ጠፋ። የጉጧ ጀርባ ክብ ስለሆነ ማጣበቂያው በደንብ አልያዘም ነበር። ዓይን መከላከያ መነጽር ባያደርግ ኖሮ ይህ ሙከራ አደጋ ነበረው፤ ደግነቱ አድርጓል።

ጥገናው

ሦስት መንገድ ቀረበልን።

አንዱ የተኩስ ሜዳው ጓደኛ ያመጣው ነው፤ የኋላዋን ቦይ ጠለቅ ማድረግ። በአቅጣጫ ትክክል ነው፣ የኋላዋ ዝቅ ስትል ጥይቱም ዝቅ ይላል። እኔ ግን አልፈቀድኩም። ቦይዋ የተቆፈረችው በሽጉጡ አካል ላይ ነው። ጉጥ ቢበላሽ ይቀየራል፤ የሽጉጡ አናት ቢበላሽ ሽጉጡ ተበላሸ።

ሁለተኛው ጉጧ ላይ ብየዳ ጨምሮ እንደገና መሞረድ ነው። ሦስተኛው አሮጌዋን አውጥቶ ረዘም ያለች አዲስ ጉጥ በብር ሎይ፣ ማለትም በእሳት ቀልጦ ሁለት ብረት በሚያጣብቅ ማያያዣ፣ ማስገባት። ጠጋኙ ሦስተኛውን መረጠ፤ የቀድሞዋ ጉጥ ስትገባ ትንሽ ዘንበል ብላ ነበርና በዚያው ቀጥ ትላለች ብሎ። የእሱ ሥራ ስለሆነ አልተከራከርኩም።

እኔ ጉጧን እዚህ ሠርቼ በሻንጣ ልላክ የሚል ሐሳብ ልጁ አንስቶ ነበር። እጄ ቢበላኝም እምቢ አልኩ። መሣሪያ ነክ ዕቃ ለመንገደኛ አሸክሞ መላክ ለዚያ ለምስኪን መንገደኛ ጣጣ ነው።

የላክሁት ልኬት ብቻ ነው። ስለ ልኬቱ አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጁ መጀመሪያ የጉጧን ቁመት ከአፈሙዙ ጀርባ ተነስቶ በካሊፐር (በተንሸራታች መለኪያ) ጭራ፣ ጥልቀት በሚለካው ዘንግ፣ ነበር የሚለካው፤ አፈሙዙ ክብ ስለሆነ ጭራው ይንሸራተታል፤ ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስት የተለያየ ቁጥር ላከልኝ፣ እስከ 0.3 ሚሊሜትር የሚለያይ። 0.3 ማለት ወረቀቱ ላይ 4 ሳንቲም ነው። ስለዚህ በካሊፐሩ አፍ ከአፈሙዙ ሆድ እስከ ጉጧ አናት ጠቅላላውን ያዘው አልኩት። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ረጋ። እውነተኛው ቁመት አያስፈልገንም ነበር፤ የሚያስፈልገን ለውጡ ነው።

ለጠጋኙ የተሰጠው ትእዛዝ፦ አሁን ካለው 1.6 ሚሊሜትር ትርዘም። ሒሳቡ የሚለው 1.1 ነው፤ 0.5 የጨመርኩት ለሞረድ ነው። አሁን ከመጠን በላይ ረዝማ፣ ጥይቱ ዝቅ ብሎ እንዲመታ፣ ከዚያ ቀስ እየተባለ እንዲደርስ። ከታች ወደ ላይ መምጣት ይቻላል፣ ከላይ ወደ ታች አይቻልም።

ጠጋኙ አምስት ሳምንት አቆየው።

የመጨረሻው ሙረዳ

ሽጉጡ ሲመለስ 7 ሳንቲም ዝቅ ብሎ መታ። የተጠበቀው 6.8 ነበር።

ልጁ መጀመሪያ ሌላ ቁራጭ ብረት ላይ ተለማመደ። ደቃቅ ሞረድ ይዞ፣ ስንት ጊዜ ሲገፋ 0.1 እንደሚወርድ ቆጠረ፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ከዚያ ወደ ሽጉጡ መጣ። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየ። የሚሽከረከረውን የጥይት ቤት ከነዘንጉ አወጣ። የብረት ብናኝ እንዳይገባ የአፈሙዙን አፍ በቴፕ ዘጋ፤ አፈሙዙን በወፍራም ቆዳ ጠቅልሎ ሞርሳ ላይ አሰረ። ሞረዱን ከጉጧ ጋር ቀጥ አድርጎ አሥራ አንድ ጊዜ ገፋ። ለካ። ጥላሸት ቀባ። ሌላ ቅዳሜ ሄዶ አምስት ተኮሰ።

እኔ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል ብዬ ነበር። እሱ ነው በየቅዳሜው አንድ አንድ ላድርገው ያለው፤ ትክክልም ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ጥይቶቹ ከሚጠበቀው 3 ሳንቲም ከፍ ብለው መጡ። ሒሳቡ ተበላሸ ብዬ ተጨነቅኩ። ሲያወራኝ ግን ጠዋቱ በርዶ እጁ ደንዝዞ እንደነበር ነገረኝ፤ እጀታውን ላላ አድርጎ ይዟል። በሚቀጥለው ሳምንት ምንም ሳይሞርድ እንዲተኩስ አደረግሁ፤ ጥይቶቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በዚያ ቀን ተናደን ሥራውን ብንቀጥል ኖሮ ያላለቀውን ጉጥ አልቋል ብለን እናቆም ነበር።

በአራተኛው ሙረዳ ጥይቱ ከነጥቡ 1 ሳንቲም ተኩል ዝቅ ብሎ ቀረ። አቁም አልኩት። አምስቱ ጥይቶች በመካከላቸው 7 ሳንቲም ይራራቃሉ፤ 1 ሳንቲም ተኩል ከዚያ መሀል ለይቶ ማየት አይቻልም። አንድ ቀን ከበድ ያለ ጥይት ቢገዛ ደግሞ ያቺ ትንሽ ቦታ ትጠቅመዋለች።

ያልሆነልን

ሁሉ ነገር አማረ ማለት አይደለም።

የአፈሙዙ ጫፍ በሎዩ ሙቀት ሰማያዊ ቀለሙን አጣ። ጠጋኙ በፈሳሽ ቀባው፤ ግን ከሌላው ጋር አልተመሳሰለም፤ ፀሐይ ላይ ሲታይ እንደ ጠባሳ ይለያል። ይህን አስቀድሜ ልነግረው ይገባ ነበር፤ ብረት ሲሞቅ ቀለሙ እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ግን ሐሳቤ ሁሉ ቁመቱ ላይ ስለነበረ ዘነጋሁት።

ሌላው፣ አሁን ጥይቱ 3 ሳንቲም ወደ ቀኝ ያደላል። ልጁ ወዲያው የጉጧን ግራ ጎን ልሞርድ አለ። በሒሳብ ያስኬዳል፤ የጉጧ መሀል 0.22 ወደ ቀኝ እንዲሄድ ግራውን 0.44 መሞረድ ነው። ነገር ግን ሽጉጡን ሌላ ሰው ይተኩስበት አልኩት። አንድ ልምድ ያለው ሰው አምስት ተኮሰ፤ የእሱ ወደ ቀኝ ያደላው 1 ሳንቲም ብቻ ነው። ስለዚህ አብዛኛው የልጁ ጣት ነው፣ ብረቱ አይደለም። ተወው።

የገንዘቡም ነገር አለ። ጥይቱ፣ ጠጋኙ፣ የተኩስ ሜዳው ክፍያ ተደምሮ ልጁ ካሰበው በጣም አለፈ። የመጀመሪያዋ 0.4 ባትኖር ጥገናው አይቀርም ነበር፣ ሽጉጡ ከፍ ብሎ ነበርና፤ ግን 200 ግሬኑን ይዞ 3 ወይም 4 ሳንቲም ብቻ ስቶ መኖር ይችል ነበር። ይህን ሳሰላለት ትንሽ ዝም አለ።

ለሌላው ሥራችን

ይህን ጉዳይ ለረዳቴ ደጋግሜ አንስቼለታለሁ፤ የምንሠራው የግቢ በር ላይም ያው ሕግ ነው ያለው። 2.5 ሜትር ስፋት ያለው የበር ክንፍ፣ ማጠፊያዎቹ በ1.2 ሜትር ተራርቀው፣ የላይኛው ማጠፊያ ሥር 3 ሚሊሜትር ላሜራ ብታስገባ የበሩ ጫፍ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል። ማጠፊያዎቹ ሲቀራረቡ ስህተቱ ይበዛል። ሰው ግን በሩ ሲወርድበት መጀመሪያ የሚያነሳው ግራይንደር ነው፤ ግርጌውን ቆርጦ በሩን ያሳጥረዋል፤ ማጠፊያው በኋላ ሲስተካከል ከታች ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት ይቀራል።

ስለዚህ ቶርኖ ቤታችን ውስጥ ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ። ደንበኛ «ትንሽ ቁረጥልኝ» ሲል ከየት ተነስቶ ያንን እንዳለ እንጠይቀዋለን። የሰማው ነው ወይስ የለካው? የሰማው ከሆነ የሌላ ሰው በር ነው። ከዚያ ውፍረቱ የታወቀ ነገር እናስገባና እናያለን፤ ላሜራ፣ ካርቶን፣ ያገኘነውን። የሚቆረጥ ነገር ሁልጊዜ ከሒሳቡ ትንሽ ረዘም ተደርጎ ይቆረጣል። አንድ ልኬት እየተለያየ ከመጣ ደግሞ ብረቱን ትተን አለካካችንን እንቀይራለን።

አሁን

ልጁ በየሁለት ሳምንቱ ወረቀት ይልክልኛል። ሽጉጡ ውስጥ አምስት ጥይት ብቻ ነው የሚያስገባው፣ መዶሻው ባዶ ቤት ላይ እንዲያርፍ፤ የድሮው ንድፍ ያለው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ባለፈው የላከው ላይ አራቱ ጥቁሩ ውስጥ ናቸው፣ አምስተኛው በቀኝ ወጥቷል። «ጋሼ፣ ያቺ የእኔ ናት» ብሎ ጽፎበታል።

ቱቦላሬው አሁንም ሞርሳው አጠገብ ተሰቅሏል። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሁለት የጠመኔ መስመሮች ረዳቴ በቀለም አድምቋቸዋል፤ አዲስ ልጅ ሥራ ሊለምድ ሲመጣ መጀመሪያ እዚያ አቁሞ ያሳየዋል።